ፎቢያ፦ «ፈሪ» ብለን የምናልፈው፣ ኑሮን ግን የሚያጠብ ፍርሃት

ሊፍት ቆሞ እየጠበቀው ስምንተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ የሚወጣ ሰው ታውቃላችሁ? አንድ ውሻ ላለማለፍ ብላ ሰፈሩን ሙሉ ዞራ ቤቷ የምትገባ ጓደኛስ? «ለምርመራ ደም ልትሰጥ ነው» ሲሉት ላብራቶሪ በር ላይ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ጎረምሳ? ወይስ ያ ሰው እናንተው ናችሁ?

እንዲህ ዓይነት ሰው ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን ወይ እንስቃለን፣ ወይ «ቦቅቧቃ» ብለን እናልፋለን። ነገሩ ግን በሕክምናው ዓለም ስም አለው፤ ፎቢያ ይባላል። ዛሬ ስለ ፎቢያ ማወቅ ያለባችሁን ሰብሰብ አድርገን ይዘንላችሁ መጥተናል፦ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ የተለመዱትንና «እንዲህም አለ እንዴ?» የሚያስብሉትን ዓይነቶች፣ ከዚያም መፍትሔውን። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልን። ፎቢያን እየቀለበ የሚያሳድገው መሸሽ ነው፤ መድኃኒቱም ቀስ እያሉ መጠጋት ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ፍርሃት ሁሉ ፎቢያ አይደለም

ማታ ከሥራ ስትመለሱ አምስት ውሻ ከቦ ሲጮህባችሁ ብትፈሩ ጤነኛ ናችሁ። የግንባታ መወጣጫ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ጉልበቱ የሚርድ ሰውም ጤነኛ ነው። ፍርሃት ጠባቂያችን ነው፤ ባይኖር ኖሮ አስፋልት ስንሻገር እንኳ ግራና ቀኝ አናይም ነበር።

ፎቢያ የሚባለው ይሄ ጠባቂ ከልክ ሲያልፍ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ መሠረት ባለሙያዎች በዋናነት የሚያዩት እነዚህን ነው፦

• ፍርሃቱ ከእውነተኛው አደጋ ጋር አይመጣጠንም። የታሰረች ቡችላም ታስደነግጣለች።
• የሚፈራው ነገር ሲመጣ ፍርሃቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ወዲያው ይነሳል።
• ሰውየው ነገሩን ይሸሻል፤ መሸሽ ካልቻለም በከባድ ጭንቀት ይጋፈጠዋል።
• ብዙውን ጊዜ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል።
• ሥራን፣ ትምህርትን፣ ማኅበራዊ ኑሮን ያደናቅፋል፤ ወይም ሰውየውን በጣም ያሰቃየዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፎቢያ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃቱ የተጋነነ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ስለዚህ «ምንም አታደርግህም እኮ!» ብላችሁ ስትነግሩት አዲስ ነገር እየነገራችሁት አይደለም። ጭንቅላቱ አውቋል፤ ሰውነቱ ነው እምቢ ያለው።

ቁጥሩም ቀላል አይደለም። በ22 አገራት የተሰበሰበ የዓለም የአእምሮ ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ ከ100 ሰዎች ወደ 7 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የሆነ ጊዜ ላይ አንድን የተወሰነ ነገር የመፍራት ፎቢያ ገጥሟቸዋል። ሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ወደ ክፍላችሁ አምጥታችሁ ካሰባችሁት፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አራት ሰው ገደማ ማለት ነው። ብቻችሁን አይደላችሁም።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል አለች። ሥራዋ እንደ ዘበኛ ነው፤ አደጋ የመሰላትን ነገር ስታይ ሳትጠይቅ ደወሉን ትደውላለች። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ሰውነት «ወይ ተዋጋ፣ ወይ ሩጥ» እያለ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ቀጥሎ ነው። ይሄ ማዕበል ለዘላለም አይቀጥልም። ጣሪያ ይነካና በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ፎቢያ ያለበት ሰው ግን ማዕበሉ ሲወርድ የማየት ዕድል አያገኝም፤ ምክንያቱም ገና ሲነሳ ጥሎ ሮጧል። ሲሮጥ ደግሞ «እፎይ!» ይላል። ዘበኛዋ አሚግዳላ ያቺን እፎይታ አይታ «አየህ? ባንሮጥ ኖሮ አልቆልን ነበር» ብላ ትመዘግባለች። በሚቀጥለው ጊዜ ደወሉን ቀደም ብላ፣ ጮክ አድርጋ ትደውላለች።

በዚህ መንገድ ነው ፎቢያ የሚሰፋው። መጀመሪያ ጠባብ ሊፍት ብቻ የፈራ ሰው፣ ቆይቶ የትኛውንም ሊፍት፣ ከዚያ የተጨናነቀ ታክሲ፣ ከዚያ መስኮት የሌለው ቢሮ እየፈራ ሊሄድ ይችላል።

ከየት ይመጣል?

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። አንዴ እባብ ያስደነገጠው ሰው የዛፍ ልጥ ሲያይም ይበረግጋል ማለት ነው። ሳይንሱ ይህንኑ በቤተ ሙከራ ያየው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር «ትንሹ አልበርት» ለተባለ ሕፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመቱ ነበር። ሕፃኑ መጀመሪያ አይጧን አይፈራም ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን አይጧን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ጥንቸልም፣ ውሻም፣ የፀጉር ካፖርትም ያስፈራው ጀመር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕፃን ላይ ማድረግ በፍጹም አይፈቀድም፤ ያኔም ቢሆን ፍርሃቱን ሳያስወግዱለት ነው የተለያዩት።

ግን ሁሉም ፎቢያ ከደረሰ አደጋ አይመጣም። ሌሎች መንገዶችም አሉ።

ከሰው በማየት። እናት በረሮ አይታ አልጋ ላይ ከወጣች፣ ልጅ «በረሮ ማለት ይሄን ያህል ነው» ብሎ ይማራል። ሱዛን ሚኔካ የምትባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገቻቸው ሙከራዎች፣ በቤተ ሙከራ ያደጉ ዝንጀሮዎች ሌላ ዝንጀሮ እባብ ፈርቶ ሲያዩ ብቻ እነሱም እባብ መፍራት ጀምረዋል።

በመስማት። ይሄኛው እኛን በደንብ ይመለከተናል። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል!»፣ «ዝም በይ፣ ጅቡ መጣልሽ!» ያልተባለ ልጅ ማን አለ? ለዛሬ ሰላም ስንል የነገ ፍርሃት እየዘራን ሊሆን ይችላል። ፎቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ በልጅነት ነው። ታናናሾች ያሏችሁ፣ እስቲ ይቺን ነገር ቤት ውስጥ አንሷት።

በተፈጥሮ ዝንባሌ። መኪና ከእባብ ይልቅ ስንቱን ሰው እየገደለ የመኪና ፎቢያ ያለበት ሰው ግን እምብዛም አናይም። ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1971 ለዚህ ማብራሪያ አቅርቧል፤ የሰው ልጅ አያት ቅድመ አያቶቹን ሲያሰጉ የነበሩ ነገሮችን ማለትም እባብን፣ ከፍታን፣ ጨለማን ቶሎ ለመፍራት የተዘጋጀ አእምሮ ይዞ ይወለዳል የሚል ነው። በቤተሰብ ውስጥ የሚተላለፍ የጭንቀት ዝንባሌም የራሱ ድርሻ አለው።

የተለመዱት ፎቢያዎች

እንስሳት። ውሻ፣ ድመት፣ እባብ፣ ሸረሪት፣ አይጥ፣ ዶሮም ሳይቀር።

ከፍታ። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ፣ የእግረኛ ድልድይ ትቶ ከመኪና ጋር እየተጋፋ አስፋልት የሚያቋርጥ ሰው ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ጠባብና የተዘጋ ቦታ። ሊፍት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት፣ የተጨናነቀ ታክሲ የኋላ ወንበር። ኤምአርአይ ታዝዞላቸው ማሽኑ ውስጥ መግባት አቅቷቸው የሚመለሱ ሕመምተኞችም አሉ። ይህ ከገጠማችሁ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚደረግ እገዛ አለ።

ደም፣ መርፌና ቁስል። ይሄ ከሁሉም የተለየ ስለሆነ ለብቻው እንመለስበታለን።

አጎራፎቢያ። አጎራ በግሪክኛ ገበያ ወይም አደባባይ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬስትፋል እ.ኤ.አ. በ1871 ነበር። ግን ነገሩ መርካቶን ከመፍራት ሰፋ ይላል። ሰውየው የሚፈራው «ድንገት ቢያመኝ መውጫ የለኝም፣ የሚረዳኝ የለም» የሚያሰኝ ቦታን ሁሉ ነው፦ ረጅም ሰልፍ፣ የተጨናነቀ አውቶቡስ፣ ብቻን ከቤት መውጣት። ሲከፋ ሰውን ዓመት ሙሉ ቤት ሊያስቀምጠው ይችላል።

ማኅበራዊ ፎቢያ። በሰው ፊት መናገር፣ በሰው ፊት መብላት፣ ስልክ ማንሳት ጭንቅ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። እኛ ጋ ይሄ ቶሎ አይታወቅም፤ ምክንያቱም አንገቷን የደፋችን ልጅ «ጨዋ ናት»፣ ዝምተኛውን ልጅ «አርፎ የተቀመጠ» ብለን እናደንቃለን። ዓይን አፋርነት ችግር አይደለም። ፕሬዘንቴሽን ላለማቅረብ ብሎ ኮርስ የሚጥል፣ ኢንተርቪው ሲደርስ ስልኩን የሚያጠፋ ልጅ ግን እርዳታ ያስፈልገዋል።

«እንዲህም አለ እንዴ?» የሚያስብሉት

ትራይፖፎቢያ። ጥቅጥቅ ያሉ ትናንሽ ቀዳዳዎችን ሲያዩ መዘግነን። የማር እንጀራ፣ የሎተስ አበባ ዘር፣ ስፖንጅ። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን፣ ቀዳሚው ሳይንሳዊ ጥናት የታተመው በ2013 ነው። እስካሁን ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ በምርመራ መመሪያው አልተመዘገበም። ዓይኑ ያማረ እንጀራ በሚወደድበት አገር ይሄ ያለበት ሰው ምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚሆን አስቡት!

ኖሞፎቢያ። ያለ ስልክ መቅረትን መፍራት። «ኖ ሞባይል ፎን ፎቢያ» ከሚለው ተቆርጦ የተሠራ ቃል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ዳሰሳ ነው ስሙ የወጣው። ይሄም በሕክምና መመሪያ የታወቀ ፎቢያ አይደለም። ግን ባትሪ 5 ፐርሰንት ሲል ላብ ላብ የሚላችሁ እጃችሁን አውጡ!

ኢሜቶፎቢያ። ትውከትን መፍራት። ስታስቡት ቀላል ይመስላል፤ ያለበት ሰው ግን ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ አይሄድም፣ ውጭ አይበላም፣ አንዳንድ ሴቶች በማቅለሽለሹ ምክንያት እርግዝናን እስከ መፍራት ይደርሳሉ።

ግሎቦፎቢያ። ፊኛ መፍራት። ልደትና ምረቃ በመጣ ቁጥር ጭንቅ ነው።

የእንቁላል ፍርሃት። በአስፈሪ ፊልሞቹ ዓለምን ሲያስጮህ የኖረው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እንቁላል እንደሚፈራ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። እንግዲህ አስፈሪውም የሚፈራው አለው።

የ13 ቁጥር ፍርሃት። ትሪስካይዴካፎቢያ ይባላል። በምዕራቡ ዓለም 12ኛ ፎቅን አልፈው ቀጥታ 14ኛ ብለው የሚጽፉ ሕንፃዎች አሉ። 13 ወር ቆጥረን ለምንኖር ለኛ ግን ነገሩ ብዙም አይገባንም!

በነገራችን ላይ ረጅም ቃል የመፍራት ስሙ «ሂፖፖቶሞንስትሮሴስኩፔዳሊዮፎቢያ» ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

ቀልዱን ግን እዚህ ላይ እናቁም። የሚፈራው ነገር አስቂኝ ቢመስልም ሰውየው ላይ የሚወርደው ድንጋጤ የውሸት አይደለም።

ፎቢያ ምን ያስከፍላል?

የአርሰናል ደጋፊዎች ይሄን ታሪክ ያውቁታል። ዴኒስ ቤርግካምፕ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2006 ለአርሰናል ሲጫወት አውሮፕላን አይሳፈርም ነበር። በባቡር ወይም በመኪና የማይደረስበት የአውሮፓ ጨዋታ ሲሆን ክለቡ ከዋክብቱን ሳይዝ ይሄድ ነበር። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ላይ ያስቆጠራት ድንቅ ጎል ፈረንሳይ ላይ ነበረች፤ ፈረንሳይ ከሆላንድ ሳይበሩ ይደረሳል። የ2002ቱ ዋንጫ ግን ጃፓንና ኮሪያ ነበር። እሱ ከ2000ው የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ራሱን ከብሔራዊ ቡድን አገለለ። ቤርግካምፕን ፈሪ የሚለው ተከላካይ የለም፤ ፎቢያ ከጀግንነት ጋር አይገናኝም። ዋጋ ግን ያስከፍላል።

በየቤታችን ያለው ዋጋ ጎል አይደለም። የመርፌ ፍርሃት ያለባት እናት የእርግዝና ክትትል ደም ምርመራዋን ትዘላለች። ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ያዘገያል። ጥርሱ የሚያመው ልጅ ፊቱ እስኪያብጥ ክኒን እየዋጠ ይከርማል።

አንድ ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ውሻ የነከሰው ሰው መርፌ ፈርቶ ቤቱ ከቀረና በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድነው ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የድሮው ክትባት ሆድ ላይ ለብዙ ቀናት ይሰጥ ስለነበር ወሬው እስካሁን ያስፈራል፤ ዘመናዊው ክትባት ግን ክንድ ላይ በጥቂት ዙር የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። መርፌ የሚያስፈራችሁ ከሆነ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ያዙ፤ ግን ሂዱ።

መፍትሔው፦ በመሰላል መውጣት

እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ትንሽ ልጅ አገኘች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ አስቀመጠች። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አስጠጋቻት። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ መዳሰስ ቻለ። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ይህን ዓይነት አካሄድ ደረጃ ያለው ሕክምና አደረገው። ዛሬ ለፎቢያ ቀዳሚው ሕክምና ይሄው ነው፤ የሚፈሩትን ነገር በመጠን በመጠኑ፣ በራስ ፈቃድ መጋፈጥ።

ለምሳሌ ሊፍት ለሚፈራ ሰው መሰላሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

1. ሊፍቱ አጠገብ ቆሞ ሰው ሲገባና ሲወጣ ማየት።
2. ጓደኛ በሩን ይዞለት ገብቶ መቆም፣ መውጣት።
3. ከጓደኛ ጋር አንድ ፎቅ ብቻ መውጣት።
4. ከጓደኛ ጋር ሦስት አራት ፎቅ መውጣት።
5. ብቻውን አንድ ፎቅ።
6. ብቻውን እስከ ላይ።
7. ሰው በሚበዛበት ሰዓት።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። ፍርሃታችሁን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡት። አንድ ደረጃ ላይ ደጋግማችሁ ቆዩ፤ ነጥቡ በደንብ ሲወርድ ወደሚቀጥለው እለፉ። ፍርሃቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ጥላችሁ አትውጡ፤ ያቺ ደቂቃ ናት ዘበኛዋን የምታስተምረው። አንድ ቀን ሰርቶ ወር ከመቆየት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሥራት ይሻላል።

«መብራት ቢጠፋስ?» የምትሉን አላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በኛ አገር ያጋጥማል። ሊፍት አየር የማያስገባ የታሸገ ሳጥን አይደለም፤ ስለዚህ አየር አያልቅባችሁም። የደወሉን ምልክት ተጫኑ፣ ስልክ ደውሉ፣ በሩን በጉልበት ለመክፈት አትሞክሩ። ጠብቁ።

ቀላል ፍርሃትን በራስ መሞከር ይቻላል። ከበድ ያለ ከሆነ ግን ከባለሙያ ጋር ነው የሚያዋጣው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ-ጎራን ኦስት እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ዘዴ፣ አንዳንድ ፎቢያዎች እስከ ሦስት ሰዓት በሚደርስ አንድ ቀጠሮ ብቻ በጣም ሊቀንሱ እንደሚችሉ አሳይቷል። ዓመታት የኖረ ፍርሃት በአንድ ከሰዓት!

አቋራጭ ነገሮች ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ሁለት ቢራ ጠጥቼ እናገራለሁ» ማለትም ሌላ ዓይነት መሸሽ ነው። ጫት ልብን ይበልጥ ስለሚያስመታ ጭንቀትን ሊያባብስ ይችላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያ ክኒኖችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሰው ተቀብሎ መዋጥ ሱስ ያስይዛል፤ ፎቢያውንም አይነቅለውም።

ደም ሲያዩ ለሚወድቁ፦ የተለየ ዘዴ

በሌሎች ፎቢያዎች የደም ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ሰው በፍርሃት ብቻ ራሱን የመሳቱ ነገር እምብዛም ነው። በደምና በመርፌ ፎቢያ ግን ግፊቱ መጀመሪያ ከፍ ይልና በድንገት ይወርዳል። ለአእምሮ የሚደርሰው ደም ይቀንስና ሰውየው ይወድቃል። ስለዚህ «ተዝናና፣ ሰውነትህን ልቀቅ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ኦስትና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቁት ዘዴ ተቃራኒውን ያዛል፤ ጡንቻን ማጠንከር ነው።

• ቁጭ በሉ። የክንድ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻችሁን አጠንክሩ።
• ፊታችሁ ሞቅ እስኪል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙት።
• ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ዘና በሉ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትልፈስፈሱ።
• አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ቤት ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ተለማመዱት፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ተጠቀሙበት።
• መርፌው የሚገባበትን ክንድ ግን ልቀቁት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አትደብቁ። «ሲስተር፣ እኔ ደም ሳይ ራሴን እስታለሁ፤ ተኝቼ ብትወጊኝ» ማለት ነውር የለውም። ነርሶች በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ ዘዴውን ከመሞከራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ጓደኛችሁ ፎቢያ ቢኖርበትስ?

ፕራንክ አታድርጉ። በረሮ ወርውሮ፣ ሊፍት አቁሞ፣ ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ለናንተ የ15 ሰከንድ ሳቅ ነው፤ ለሱ ግን የአልበርት ብረት ነው። ፍርሃቱንም፣ በናንተ ላይ ያለውን እምነት ማጣትም ያጠነክረዋል። በግድ ጎትቶ ማስገባትም እንደዚያው ነው፤ መጋፈጥ የሚሠራው ሰውየው ፈቅዶ ሲገባበት ብቻ ነው።

ሁልጊዜ እየሸሸጉ መርዳትም ብዙ አይጠቅምም። ለእሷ ስልክ እያነሳችሁ፣ በእሷ ፈንታ እየተናገራችሁ ዓመት ከቆያችሁ ፎቢያውን አብራችሁ እየቀለባችሁ ነው። መሃሉን ያዙ። «አይዞሽ፣ አብሬሽ ነኝ። ዛሬ የትኛዋን ደረጃ እንሞክር?» የሚለው ንግግር ከሁለቱም ይሻላል። ትንሿን ድል ደግሞ አክብሩላት፤ አንድ ፎቅ ለናንተ አንድ ፎቅ ነው፣ ለእሷ ተራራ ነው።

መቼና ወዴት እንሂድ?

ፍርሃቱ ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ካስቀረ፣ ሕክምና ካስቀረ፣ ወይም ለመርሳት መጠጥና ክኒን ካስጀመረ ጊዜው ደርሷል። ድንገተኛ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠማችሁ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይላችሁ።

አዲስ አበባ ላይ በአእምሮ ሕክምና የቆየው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ስሙ ሲነሳ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደላችሁም። ጥርስ ሐኪም ጋ የሄደ ሰው ጥርሱን እንደታከመ ሁሉ ፍርሃቱን ለመታከም የሄደ ሰውም ፍርሃቱን ታከመ እንጂ ሌላ ስም አይወጣለትም። የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ፤ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጠይቃችሁ ሪፈር መጻፍ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ የምክር አገልግሎት ካለ ከዚያ ጀምሩ። ጸሎቱ፣ ጸበሉ፣ ዱዓው ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ለዛሬ ይሄን ያህል ካልን ይበቃል። የቤት ሥራ እንስጣችሁ፦ የምትሸሹትን አንድ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከሥሩ አምስት ደረጃ አውጡ፣ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዋን ብቻ ሞክሩ። እናንተ ምን ትፈራላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ በሰው ፍርሃት መሳቅ ግን ክልክል ነው። መርፌ ፈርቶ ምርመራ የሚያዘገይ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ላኩለት።